ሾውሪል አይቶ ስቱዲዮ አይመረጥም፦ አኒሜሽን ለሚያሠሩ ሰዎች የአመራረጥ መመሪያ

አኒሜሽን ማሠራት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይታወቃል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ‹‹ጎበዝ አኒሜተር የሚያውቅ?›› ብሎ ይጽፋል። ሊንክ ይጎርፍለታል። ከሁሉም ያማረውን ይመርጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው።

ሾውሪል ማለት ስቱዲዮው እስካሁን ከሠራቸው ሥራዎች ውስጥ ምርጥ ምርጡ ሰከንድ ተለቅሞ በሙዚቃ የታጀበ ነው። ምናልባት ያንን ትዕይንት የሠራው ልጅ ከስቱዲዮው ከለቀቀ ቆይቷል። ምናልባት ደንበኛው ብዙ ገንዘብና ብዙ ጊዜ ሰጥቷል። እናንተ የምትገዙት ግን የስቱዲዮውን የዘወትር አሠራር ነው። ስለዚህ መፈተን ያለበትም እሱ ነው።

እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አዲስ አባል እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያስረዳ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ማሠራት ይፈልጋል እንበል። ቋንቋው አማርኛና አፋን ኦሮሞ ነው። የሚታየው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ፣ ቅርንጫፍ ውስጥ በተሰቀለው ስክሪን ላይ፣ በጀት ከተገኘም በቴሌቪዥን ነው።

1. ስልክ ከመደወላችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ

ገጹ ላይ የሚሰፍረው ብዙ አይደለም። ቪዲዮውን የሚያየው ማን ነው? አይቶ ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ? የት ይታያል? በስንት ቋንቋ? መቼ ይደርስ? በጀቱ ከስንት እስከ ስንት ነው? በጀት መናገር የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፤ ‹‹ካወቁ ያንኑ ያህል ይጠይቁኛል›› ይላል። ካልተናገራችሁ ግን አንዱ ስቱዲዮ የአውቶቡስ፣ ሌላው የአውሮፕላን ዋጋ ይዞላችሁ ይመጣና ማወዳደር አትችሉም።

ርዝመቱን በግምት አትወስኑ። ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ‹‹እንዳልተመዘገባችሁ›› አንድ ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ የሚሠራው የቃላት ቁጥር ለኛ አይሠራም። እኔ ረጋ ላለ የአንድ ደቂቃ ትረካ መነሻ የማደርገው 100 ቃል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ተራኪው ይሮጣል፣ ተመልካቹም ይጠፋበታል።

ገጹ ላይ ከምንም በላይ መጻፍ ያለበት ‹‹የመጨረሻ ውሳኔ የማን ነው?›› የሚለው ነው። በእኛ ምሳሌ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ የቦርድ ሰብሳቢው አለ፣ የገበያ ክፍሉ አለ። ሁሉም አስተያየት ይኖረዋል፣ መኖሩም ጥሩ ነው። ነገር ግን አስተያየቶቹን ሰብስቦ፣ እርስ በርስ የሚጋጩትን አስታርቆ፣ ለስቱዲዮው በአንድ ወረቀት የሚልክ አንድ ሰው ይኑር። ስቱዲዮ በስልክ ከሦስት አለቃ ትእዛዝ ሲቀበል የተበላሸ ሥራ ስንቱን አይተናል።

ሕጉንም በጊዜ እዩት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። የምታስተዋውቁት ምግብ፣ መድኃኒት ወይም መጠጥ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ገደብ ይኖራል፤ ለምሳሌ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከራዲዮ አስወጥቷል። ጣቢያው የማይቀበለውን ቪዲዮ አሠርቶ መቀመጥ ያሳዝናል።

2. የምትፈልጉትን ዓይነት ለዩ

ሁሉም አኒሜሽን አንድ አይደለም፣ ሁሉንም በእኩል የሚችል ስቱዲዮም የለም። ጽሑፍ፣ አይከንና ቻርት የሚንቀሳቀስበት ሞሽን ግራፊክስ አለ። መገጣጠሚያ ተሠርቶለት እንደ አሻንጉሊት የሚንቀሳቀስ የቱዲ (ጠፍጣፋ ሥዕል የሆነ) ገጸ ባሕርይ አለ። እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተገጣጠመበት እያንዳንዱ ምስል፣ በእጅ የሚሣልበት አለ። እንደ እውነተኛ ነገር ጥልቀት ያለው ስሪዲም አለ።

ለምን ዋጋቸው እንደሚራራቅ በቁጥር እንየው። አንድ ደቂቃ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሰላ 1,500 ፍሬም ነው። በእጅ የሚሥሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ይጠቀሙበታል፤ እንዲያም ሆኖ ወደ 750 ሥዕል ነው። አሻንጉሊቱ ግን አንዴ ከተሣለና መገጣጠሚያው ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ማንቀሳቀስ ነው።

ለቁጠባ ማኅበሩ ሞሽን ግራፊክስና ሁለት ቀላል የቱዲ ገጸ ባሕርያት ይበቁታል። ‹‹ስሪዲ ይሁንልን›› የሚል የቦርድ አባል አይጠፋም። በአነስተኛ በጀት የተሠራ ስሪዲ ግን ፊቱ እንደ ሰም የደረቀ ሰው ነው የሚያመጣው። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ቱዲ ይገኛል።

ሌላ ገንዘብ የሚያድን ውሳኔ ደግሞ አለ። ቪዲዮው በሁለት ቋንቋ ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ ባይናገሩ ይሻላል። የማይታይ ተራኪ ይተርክ። በአማርኛ የተገጠመ የአፍ እንቅስቃሴ አፋን ኦሮሞ ሲገባበት አይገጥምም፤ እንደገና መሥራት ደግሞ ያስከፍላል።

3. ከአራት ያልበለጡ አማራጮች ያዙ

ስቱዲዮ አለ፣ የማስታወቂያ ድርጅት አለ፣ ፍሪላንሰር አለ፣ የውጭ ስቱዲዮም አለ። የማስታወቂያ ድርጅት ስትሄዱ ‹‹አኒሜሽኑን የሚሠራው እዚሁ ያለ ሰው ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለሌላ ይሰጡታል። ችግር የለውም፤ ችግሩ የሚመጣው ከሚሠራው ሰው ጋር መገናኘት ሳትችሉ ስትቀሩ ነው።

ፍሪላንሰርን አትናቁ። ለአንድ ደቂቃ ሞሽን ግራፊክስ ጎበዝ አንድ ሰው ከመካከለኛ ስቱዲዮ ሊበልጥ ይችላል። ቢታመም ወይም ሌላ ሥራ ቢያገኝ ማን እንደሚጨርሰው ግን አስቀድሞ ይታወቅ።

ውጭ አገር ለማሠራት ካሰባችሁ ወጪውን በዶላር አስሉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ውል ስትፈርሙ የነበረው ምንዛሪ ስትከፍሉ ላይኖር ይችላል። ምንዛሪው ከየት እንደሚመጣም ከባንካችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በተቃራኒው፣ ሜሪላንድ ወይም ዋሽንግተን ያለ የማኅበረሰብ ድርጅት አዲስ አበባ ሲያሠራ የሰዓቱ ልዩነት ይጠቅመዋል። ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ማታ የተላከ አስተያየት ጠዋት ተሠርቶ ሊቆይ ይችላል፤ አስተያየቱ በጽሑፍና ግልጽ ከሆነ ማለቴ ነው።

4. ሾውሪሉን ዝጉና ሙሉ ሥራ ጠይቁ

‹‹ከእኛ ጋር የሚመሳሰል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለቀ አንድ ቪዲዮ አሳዩን። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ድርሻ የትኛው ነው?›› ይኼ ጥያቄ ብቻውን ግማሹን ያጣራል። ስክሪፕቱን ማን ጻፈው? ገጸ ባሕርያቱን ማን ሣላቸው? ከኢንተርኔት የተገዛ ቴምፕሌት፣ ማለትም ማንም ገዝቶ ጽሑፉንና ቀለሙን ብቻ የሚቀይርበት ዝግጁ ሥራ፣ ነው? ቴምፕሌት ነውር የለበትም፣ ዋጋው ግን የቴምፕሌት መሆን አለበት። ደግሞም ጎረቤት ያለው ባንክ ያንኑ ሰውዬ በሌላ ሸሚዝ ሊያወጣው ይችላል።

ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ እዩ፤ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ አንዴ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ድምፅ ጠፍቶ ታሪኩ ካልገባችሁ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም። ቲክቶክን ደግሞ ታክሲ ውስጥ ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ብዙ ነው።

ከዚያ ዝርዝሩን። ገጸ ባሕርይ ሲራመድ እግሩ መሬቱ ላይ ይንሸራተታል? ሲናገር በ፣ መ እና ፐ ላይ ከንፈሩ ይዘጋል? የታች ከንፈሩ ፈ ላይ ጥርሱን ይነካል? አፍን በራሱ የሚገጥም ሶፍትዌር አለ፤ አማርኛን ሰምቶ የሚያወጣውን ሰው ካላረመው አፉ ዝም ብሎ ይከፈትና ይዘጋል።

የፊደሉን ነገር በደንብ እዩ። ብዙ ሥራ የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። የድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሊሆን ይችላል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ፎንት መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን ደማቅ (ቦልድ) ዝርያ የለውም። ሶፍትዌሩ በግድ ሲያደምቀው ፊደሉ ያብጥና ‹‹ጠ››ን ከ‹‹ጡ›› መለየት ያቅታል፣ በተለይ በስልክ ስክሪን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ዝርያ አለው፣ ነጻም ነው። ስቱዲዮው ‹‹የትኛውን ፎንት ትጠቀማላችሁ፣ ለምን?›› ሲባል የሚመልሰው ነገር ካለው፣ አማርኛ ላይ በቁም ነገር ሠርቷል ማለት ነው።

አገሩንም እዩት። ታክሲው ሰማያዊና ነጭ ነው ወይስ የኒው ዮርክ ቢጫ? ጀበናው ጀበና ይመስላል ወይስ የሻይ ማንቆርቆሪያ? ተራኪው ‹‹ጠዋት ሦስት ሰዓት›› ሲል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል? ይኼን ሳይነገረው የሚያስተካክል ስቱዲዮ ሌላውንም ያስተካክላል።

አሁን ደግሞ በኤአይ የተሠራ ቪዲዮ በዝቷል። በግልጽ ጠይቁ። አንዳንዴ የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ ገጸ ባሕርይዋ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ስትሻገር ሹሩባዋ ይለወጣል፣ ከኋላ ያለው የሱቅ ታፔላ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ተጽፎበታል። ለማኅበራዊ ሚዲያ አጭር ቪዲዮ ኤአይ ሊበቃ ይችላል። ‹‹እዚች ጋ የሴትዮዋን እጅ ብቻ ዝቅ አድርጉልኝ›› ስትሉ ግን ትዕይንቱ በሙሉ ተለውጦ ሊመጣ ይችላል። ለሚደጋገም ሥራ፣ ቋሚ ገጸ ባሕርይ ለሚፈልግ ድርጅት፣ እኔ አልመክርም።

ሶፍትዌሩ ምን እንደሆነ ብዙ አያስጨንቃችሁ። በ2025 እ.ኤ.አ. በረጅም አኒሜሽን ፊልም ኦስካር ያሸነፈው የላትቪያ ሥራ የተሠራው ማንም በነጻ በሚያወርደው ብሌንደር በተባለ ሶፍትዌር ነው።

5. ስብሰባው ላይ ማን እንደሚጠይቅ ቁጠሩ

ጥሩ ስቱዲዮ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ይጠይቃል። ‹‹አባል ለመሆን ቅርንጫፍ መምጣት ግድ ነው ወይስ በስልክ ይቻላል?›› ‹‹እስካሁን ሰዎች የማይመዘገቡት ለምንድን ነው?›› ‹‹ይቺን አረፍተ ነገር ብናወጣት ቅር ይላችኋል?›› ጽሑፋችሁን አንብቦ የሚከራከራችሁን ሰው ውደዱት። ‹‹ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ይቻላል፣ በሳምንት ይደርሳል›› የሚለው ግን ያሳስበኛል። ሁሉም አይቻልም።

6. አኒማቲክ የማያሳይ ስቱዲዮ ጋር አትሥሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይኼንን ያዙ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ስክሪፕት ይጸድቃል። ስቶሪቦርድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ትዕይንት በሥዕል፣ ይሠራል። አንድ ሁለት ትዕይንት ደግሞ የመጨረሻ ቀለሙንና መልኩን ይዞ ይቀርባል፤ ስታይል ፍሬም ይሉታል። ከዚያ ስቶሪቦርዱ ከጊዜያዊ ትረካ ጋር በትክክለኛው ሰዓት ተደርድሮ ይመጣል። አኒማቲክ እሱ ነው። አያምርም፤ የማይንቀሳቀስ የእርሳስ ሥዕልና ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊ በቋሚነት ከመስፋቱ በፊት በሰፋፊው ሸልሎ እንደሚያለካችሁ ማለት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው። በአኒማቲክ ላይ አንድ ትዕይንት ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ተንቀሳቅሶ፣ ቀለም ገብቶ፣ ሬንደር ከተደረገ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል ካወጣ በኋላ ያንኑ ማውጣት ሙዚቃውንም ትረካውንም ያናጋል። ስለዚህ ውሳኔ ሰጪዎቹን በሙሉ ሰብስባችሁ ማሳየት ያለባችሁ ይኼንን ነው። የቦርድ ሰብሳቢው ‹‹ይኼ ምንድን ነው፣ የልጅ ሥዕል ነው እንዴ?›› ሊሉ ይችላሉ። አስረዷቸው። የተጠናቀቀውን ቪዲዮ አይተው ‹‹ወለዱ አልተጠቀሰም›› ከሚሉ አሁን ቢሉ ይሻላል።

ስቱዲዮውን ከቀድሞ ሥራዎቹ የአንዱን አኒማቲክ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። የደንበኛ ምሥጢር ከሆነ የራሱን ሥራ ያሳይ። ‹‹እኛ ቀጥታ ነው የምንሠራው›› ከተባላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

7. ትንሽ የሚከፈልበት ሙከራ

ሁለት ስቱዲዮዎች እኩል ከሆኑባችሁ ከስክሪፕቱ አምስት ሰከንድ ስጧቸው። ከፍላችሁ። በነጻ አሠርታችሁ ሐሳቡን ወስዶ ለሌላ መስጠት በዘርፉ የታወቀ በደል ነው፤ ጎበዞቹም እንደዚህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ይሸሻሉ። ሙከራው ሲመጣ ሆነ ብላችሁ አንድ ማስተካከያ ስጡ። ማየት የምትፈልጉት ማስተካከያውን እንዴት እንደሚቀበሉት፣ ባሉት ቀን ማድረሳቸውንና የነገራችኋቸውን ብቻ መለወጣቸውን ነው።

8. ፕሮፎርማዎቹን ጎን ለጎን አድርጉ

ለሁሉም ያንኑ አንድ ገጽ ስለሰጣችሁ አሁን ማወዳደር ይቻላል። ጠቅላላ ድምሩን ከማየታችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ስክሪፕት አለበት? ተራኪ? ለሁለቱም ቋንቋ? ሙዚቃ? ስንት ዙር ማስተካከያ? ለቲክቶክ በቁመት የሚሠራው ቅጂ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ቁመቱ ዝም ብሎ ከወርዱ ተቆርጦ ከሆነ የገጸ ባሕርዩ ግማሽ ፊት ይቀራል፤ መልሶ መደርደር ይጠይቃል። 15 በመቶው ቫት ገብቷል ወይስ ይጨመርበታል? ደረሰኝ ይሰጣሉ? ድርጅት ከሆናችሁ የንግድ ፈቃድና ቲን ጠይቁ፤ የዊዝሆልዲንጉን (ከክፍያው ላይ ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር) ነገር ሒሳብ ክፍላችሁ ይጨርሰው።

ርካሹ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ርካሽ የሆነው ምን ስለጎደለው እንደሆነ ግን ሊነግሯችሁ ይገባል።

9. ውል ላይ ዝም የማይባሉ ነገሮች

ክፍያውን ከቀን ጋር ከማሰር ከሥራው ደረጃ ጋር እሰሩት። እኔ የምወደው 40 በመቶ ሲፈረም፣ 30 አኒማቲኩ ሲጸድቅ፣ 30 ርክክብ ላይ ነው። አንድ ዙር ማስተካከያ ማለት ምን እንደሆነም ይጻፍ፦ አንዴ ተሰብስቦ የተላከ አስተያየት፣ በአንዴ ተሠርቶ የተመለሰ። ከጸደቀ ደረጃ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ስንት እንደሚያስከፍልም እንዲሁ። ይኼ እናንተንም ከራሳችሁ ቦርድ ይጠብቃችኋል።

የፕሮጀክት ፋይሉ፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትና ለውጥ የሚደረግበት ፋይል፣ የማን ነው? ብዙ ደንበኛ ቪዲዮውን ብቻ ይቀበልና በዓመቱ የስልክ ቁጥር ለመቀየር ሲፈልግ እንደ አዲስ ይከፍላል። አንዳንድ ስቱዲዮ ፋይሉን አይሰጥም ወይም ተጨማሪ ይጠይቃል፤ መብቱ ነው፣ ግን ቀድሞ ይታወቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እያለ በቃል ስምምነት መታመን አያስፈልግም፤ የገጸ ባሕርያቱ መብት ወደ ማን እንደሚሄድ በጽሑፍ ይስፈር። የተራኪው ድምፅ የት የትና እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ድምፁን በኤአይ አስመስሎ መሥራት እንደማይቻል ወይም እንደሚቻል ይጻፍ። ሙዚቃው ፈቃዱ ያለው ይሁን። ከዩቲዩብ የወረደ ዘፈን ከገባ ራሱ ዩቲዩብ ሊይዘው ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቁ። ለረጅም ሰዓት ሬንደር እየተደረገ ያለ ትዕይንት መሀሉ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ጄኔሬተር ወይም ዩፒኤስ አለ? ሥራው በስንት ቦታ ይቀመጣል? አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ከሆነ አይሆንም።

10. ርክክብ

የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ፋይሎቹን በሌላ ኮምፒውተርና በርካሽ ስልክ ላይ ክፈቷቸው። ለቴሌቪዥን የሚሄደው 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም መሆኑን አረጋግጡ፤ በ30 ተሠርቶ ወደ 25 የተለወጠ ቪዲዮ ካሜራው በጎን ሲሄድ ይንገዳገዳል። ጣቢያው የራሱ መስፈርት ካለው ለስቱዲዮው ሥራው ሳይጀመር ስጡት።

የአፋን ኦሮሞውን ቅጂ ቋንቋውን በደንብ የሚያነብ ሰው ያንብበው። ቁቤ አናባቢውንም ተነባቢውንም ስለሚደግም ጽሑፉ ይረዝማል፣ ለአማርኛው ከተሠራው ሳጥን ውስጥም ሊወጣ ይችላል። ትረካውም ሊረዝም ስለሚችል ትዕይንቶቹ ላይ ትንፋሽ ካልተተወ ድምፁ ሥዕሉን ይቀድመዋል ወይም ይከተለዋል።

መቀበል ያለባችሁም ይኼ ነው፦ የወርድና የቁመት ቅጂ በየቋንቋው፣ ያለ ጽሑፍ የተዘጋጀ ንጹሕ ቅጂ፣ ትረካ የሌለበት የሙዚቃና የድምፅ ኢፌክት ትራክ፣ ፎንቶቹ፣ የሙዚቃው ፈቃድ ወረቀት፣ ከተስማማችሁም የፕሮጀክት ፋይሉ። ያለ ጽሑፍና ያለ ትረካ ያለው ቅጂ ነገ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ሲያስፈልግ ከዜሮ እንዳትጀምሩ ያደርጋል። ሁሉንም ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ ተፈራረሙ፣ ቀሪውን 30 በመቶ ክፈሉ።